የትከሻ ማዕረግና የመምህርነት ማዕረግ

የወታደር ማዕረግ በትከሻ ላይ ስለሚታይ መንገደኛው ሁሉ ያውቀዋል። ሻምበሉ ሻለቃ በሆነ ቀን ጓደኛና ዘመድ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። በጦር ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሰው ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ሲያድግ ግን በትከሻው ላይ የሚጨመር ኮከብ ስለሌለ፥ ከቅርብ ባልደረቦቹ በቀር ዕድገቱን የሚያውቅለት ጥቂት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ምክንያቱን ለማስረዳት እስከ ኮልፌ መውጣት ይበቃል።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት ለመማር ወደ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር መጡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 44 ዓመት ገደማ የሆነ ጠበቃ ነበሩ። ያስተማሯቸው ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ተኩስና የፈንጂ አያያዝ እንዲያሳያቸው የተመደበውም አንድ የመቶ አለቃ ነበር። ስድስት ወር እንዲቆይ የታሰበው ትምህርት በጥቂት ሳምንት ተቋረጠ፤ ማንዴላም ወደ አገራቸው ተመልሰው ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። ይሁን እንጂ ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ያን የመቶ አለቃና አዛዡን ኮሎኔል ታደሰ ብሩን በስማቸው አንሥተዋቸዋል። ኮሎኔል ታደሰ ኋላ ብርጋዴር ጄኔራል ሆነው መሃይምነትን ለማጥፋት የተደረገውን የፊደል ዘመቻ መርተዋል፤ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ተማሪያቸው ግን አልረሳቸውም።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። በኮልፌ ሜዳ ላይ በዕድሜም በትምህርትም የገፋው ሰው ተማሪ፥ የመቶ አለቃው ደግሞ መምህር ነበር። በመካከላቸው የሚቆጠረው ዕውቀት እንጂ ዕድሜ ወይም ዝና አልነበረም።

ዛሬ ነገሩ ሰፍቷል። ሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሲከፈት አስተማሪዎቹ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ፤ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውን የሐረር ጦር አካዳሚ ያቋቋሙትም ከሕንድ የመጡ መኮንኖች ናቸው። አሁን ግን ከኮልፌ ወደ መሐል ከተማ ሲወረድ የሚገኘው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሕመምተኛ የሚታከምበት ብቻ ሳይሆን ሐኪም የሚማርበትም ነው። በቢሾፍቱም የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ አለ። እንዲህ ባለው የከፍተኛ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሻምበል አስተምሮ ኮሎኔል ሊማር ይችላል። ኮሎኔሉ ፈተና ቢወድቅ ሻምበሉ ወድቀሃል ሊለው ይገባል። ይህን እንዲል ድፍረት የሚሰጠው በትከሻው ያለው ኮከብ አይደለም፤ ባልደረቦቹ ሥራውን መርምረው የሰጡት የመምህርነት ማዕረግና ነገ ከቦታው እንደማይነሣ የሚያረጋግጥለት ዋስትና ነው።

ሌሎች አገሮችም ይህን ተረድተውታል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1909 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው፥ በ1951 እ.ኤ.አ. ወደ ካሊፎርኒያ ወደ ሞንተሬ የተዛወረው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ለሲቪል ፕሮፌሰሮቹ እንደ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ቋሚ የመምህርነት ዋስትና ይሰጣል። መኮንኑ ተምሮ ይሄዳል፤ ፕሮፌሰሩ ይቀራል፤ ዕውቀቱም ከዓመት ወደ ዓመት ይከማቻል።

ጦር መንቀሳቀስ አለበት፤ ወታደር ሁሉ በታዘዘበት ይሄዳል፤ መምህርስ ለምን ይለያል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ግንባር ያላየ መምህርም ትምህርቱ ይደርቃል። ነገር ግን ሄዶ መመለስ ሌላ፥ ሄዶ መቅረት ሌላ ነው። የጀመረውን ምርምር ሳይጨርስ፥ የሚያማክረውን ተማሪ በመንፈቁ ትቶ የሚዛወር መምህር ካለ፥ ትምህርት ቤቱ በየጊዜው ከሀ ሁ ይጀምራል ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቢደረግ መልካም ነው ብለን እናምናለን። አንደኛ፥ የመምህርነት ማዕረግ ዕድገት እንደ ትከሻው ማዕረግ ሁሉ በሰልፍና በአደባባይ ይነገር፤ ዕጩ መኮንኖችም ይስሙት። ሁለተኛ፥ የመምህሩን ሥራ ከጦሩ ውጭ ያሉ ምሁራንም ይመርምሩት፤ በቸርነት የታደለ ፕሮፌሰርነት ካለመሰጠቱ የባሰ ጉዳት አለውና። ሦስተኛ፥ በሥራው የተመሰከረለት መምህር ለግዳጅ ቢሄድ እንኳ ወንበሩ ይጠበቅለት።

የኮልፌውን የመቶ አለቃ ስም ለዓለም የነገረለት ተማሪው ነው። ይህ መልካም ዕድል ነበር። የመምህር ክብር ግን በዕድል ሊጠበቅ አይገባም፤ ያስተማረበት ቤት ራሱ ሊመሰክርለት ይገባል።