ከዳሱ ራቁ

ወንድሞቼ፣ ያጠፋሁትን ነው የምነግራችሁ፤ እንዳትደግሙት።

አምና በሰሊጥ አጨዳ ሳይኮሎጂ የሚማር አንድ የኛው ልጅ ለመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ ይዞ አብርሃ ጅራ መጣ። የሚያናግረው የቀን ሠራተኛ አጥቶ ሲንከራተት አይቼ አዘንኩለትና 12 ሠራተኞች ከእርሻ አስጠርቼ ዳስ ውስጥ አስቀመጥኩለት። «ልጃችን ነው፣ ደኅና አድርጋችሁ መልሱለት» አልኩ። እኔም አብሬ ተቀመጥኩ። እርሻው የወንድሜ ልጅ ንብረት መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ስለ ምግቡ፣ ስለ መኝታው፣ ስለ ክፍያው ሲጠየቅ አንዱ ቀና ብሎ ያየኝና «ደኅና ነው» ይላል፤ ቀጣዩም እንዲሁ። ከደጋ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው መኝታው ደኅና ነው! ልጁ አመስግኖኝ ሄደ።

የሳይኮሎጂ ጥናት ሀሁ ተጠያቂው ወዶ እንዲመልስ፣ ካልወደደም እንዲተው ነው። ሕጉ በከንቱ አልወጣም። በአሜሪካ ቱስኪጊ፣ በፈረንጆች ከ1932 እስከ 1972፣ ቂጥኝ የያዛቸው ድሃ ጥቁሮች እውነቱ ሳይነገራቸው፣ በወጉም ሳይታከሙ ለጥናት ሲታዩ ኖረዋል። «እኛ እንዲህ ያለ ክፋት አልሠራንም» ትሉኝ ይሆናል። አልሠራንም። እምቢ ማለት የማይችለውን ሰው መርጠን ማቅረባችን ግን ያው ነው።

ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ችግርን ለመለየት ያዘጋጀው መጠይቅ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች አሉት። ኮርትማንና ተን ሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች መጠይቁን እዚሁ ኢትዮጵያ ፈትነው፣ ተጠያቂው ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳውና ለምን እንደዚያ እንደመለሰ መመርመር እንዳለበት በፈረንጆች 1988 ጽፈዋል። እስቲ ወደ ቆላችን አምጡት። ራስህን ያምሃል? የምግብ ፍላጎት አጥተሃል? እንቅልፍ እምቢ ይልሃል? ወባ የያዘው ሰው ሦስቱንም «አዎ» ይላል፤ በካላዛር በሽታ የመነመነውም እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስቱም «አዎ» የአእምሮ ችግር ምልክት ተብለው ይቆጠራሉ።

ይህን ለተማሪው መንገር የኛ ፋንታ ነው፦ «ልጄ፣ መጀመሪያ ትኩሳት እንዳለው ጠይቀው፤ ካለው ጤና ጣቢያ ይሂድ።» ከዚያ ተነሥታችሁ ሂዱ። የሠራተኞቹን አለቃ፣ ካቦውንም ይዛችሁት ሂዱ።

ያለዚያ የሠራተኛው ፍርሃት ቁጥር ሆኖ ይወጣል። «ሠራተኛው በሙሉ በመኝታው ረክቷል» የሚል ጥናት ያነበበ ባለሥልጣን ለማን ብሎ መጠለያ ይሠራል?

እነዚያን 12 ወረቀቶች ከጥናቱ እንዲያወጣቸው ዘንድሮ ወደ ልጁ ሰው ላክሁ። ተመርቋል አሉኝ።