ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆችን በአንድ ቤት ስለ ማስተማር

ልጅን በቤት ማስተማር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ግን ብዙ ወላጅ ሳያስበው መምህር ሆኖ ተገኘ። በየክረምቱ ዕረፍት ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ አሉ፤ እንደ አሜሪካ ባለው፥ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ደግሞ ጨርሰው በቤት የሚያስተምሩ ወገኖች አሉ። የሁሉም ችግር አንድ ነው። የአምስት ዓመቱ ሕፃን፥ የስምንት ዓመቷ እኅቱና የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ወንድማቸው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ እናት ለማንኛቸው ትድረስ? በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለማለት ወደድን።

አባቶቻችን ይህን ነገር አስቀድመው ያውቁት ነበር። ፊደል የሚቈጥረው፥ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበው፥ ዳዊት የሚደግመው ሁሉ በየኔታ ፊት በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ተማሪውን ከተማሪ የሚለየው የደረሰበት ትምህርት ነው እንጂ የተወለደበት ዓመት አይደለም። የኔታ አንዱን ሲያስነብቡ ሌላው ቀለሙን ያጠናል፤ የላቀውም ታናሹን ያስቈጥራል። እንግዲህ አለንጋውን ትተን ሥርዓቱን ብንወስድ ለቤታችን ይበቃናል።

አስቀድሞ፥ በአንድነት የሚሰጠውን ትምህርት ለብቻው ከሚሰጠው መለየት ይገባል። የታሪክ፥ የምድርና የተፈጥሮ ነገር ለሁሉም አንድ ሆኖ፥ የሚጠየቁት ግን እንደ ዐቅማቸው ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የዘመን አቈጣጠራችንን እንውሰድ። ታናሹ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን 13 ወሮች በቃሉ ይጥራ። መካከለኛዪቱ 12ቱን ወር በ30 አባዝታ፥ የጳጉሜንን 5 ቀን ጨምራ 365 ታግኝ። ታላቁ ደግሞ ወደ ባሕረ ሐሳብ ይግባ። በ2018 ላይ 5500 ሲጨምር 7518 ይሆናል፤ ይህን ለ4 ሲያካፍል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፥ 2 ማርቆስ፥ 3 ሉቃስ፥ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነውና፥ 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ መሆኑን በገዛ እጁ ያገኘዋል። ደግሞ 7518ንና 1879ን ደምሮ 9397ን ለ7 ቢያካፍል 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፥ 2 ረቡዕ፥ 3 ሐሙስ ተብሎ ስለሚቈጠር የዚያ ዓመት እንቍጣጣሽ ሐሙስ መዋሉን ያውቃል። ትምህርቱ አንድ ሲሆን ሦስቱም የየድርሻቸውን ይዘው ይነሣሉ።

ንባብና ሒሳብ ግን እንዲህ ሊቀላቀሉ አይችሉም፤ እያንዳንዱ ተራውን ይዞ መምህሩ ፊት መቅረብ አለበት። ከታናሹ መጀመር መልካም ነው፤ ትዕግሥቱ አጭር ነውና ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ፊደላችን ዲቃሎቹን ሳንጨምር 33 ሆኖ እያንዳንዱ ሰባት መልክ ስላለው ጠቅላላው 231 ነው። ሕፃኑ በቀን ከሀ እስከ ሆ እንዳለው ያለ አንድ መስመር ቢያጠና በ33 የትምህርት ቀን ይዘልቀዋል። ታናሹ በሚቈጥርበት ሰዓት ሁለቱ ታላላቆች ብቻቸውን ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አስቀድሞ ሊዘጋጅላቸው ያስፈልጋል። ሥራ ያልተሰጠው ልጅ የሌላውን ሥራ ያፈርሳልና።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባን የታላቁ ልጅ ነገር ነው። ታናሹን ማስቈጠር ለታላቁም ይጠቅማል፤ ያስተማሩት ነገር አይረሳምና። ነገር ግን በብዙ ቤት ይህ ከልክ ያልፋል። ታላቂቱ ልጅ ሕፃን ስታባብል፥ ስታስጠና፥ ሳህን ስታጥብ ውላ፥ የራስዋ መጽሐፍ ሳይገለጥ ይመሻል። ስለ ትጋትዋ እናመሰግናታለን፤ ትምህርትዋ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። እንዲህ ያለው ምስጋና ዕዳ ነው። ስለዚህ ታናሹን የምታስጠናበት ጊዜ በቀን ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ፤ የራስዋም ሰዓት ማንም የማይነካው ይሁን።

ማወዳደርም እንዲሁ ቤትን ያፈርሳል። ታናሽ በንባብ ታላቁን የቀደመ እንደ ሆነ፥ «ከትንሹ ወንድምህ አታንስም?» የሚለው ቃል ለሁለቱም መርዝ ነው። አንዱ መጽሐፍን ይጠላል፤ ሌላው ወንድሙን ይንቃል። ልጁ ከትናንት ራሱ ጋር እንጂ ከእኅት ከወንድሙ ጋር አይመዘን።

ለዕቅዱ ብዙ ወረቀት አያስፈልግም። እሑድ ማታ አንድ ገጽ ለሦስት ከፍሎ በየልጁ ስም ሥር የሳምንቱን ሥራ መጻፍ ይበቃል። አራት ቀን አዲስ ትምህርት ይሰጥበት፤ ዐርብ ለክለሳ ይቀመጥ። እንግዳ ቢመጣ፥ ሕፃን ቢታመም፥ የጐደለው በዚያ ቀን ይሞላል። አባትም ማታ ሲገባ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብሎ እያንዳንዳቸውን በተራ ይስማ፤ እናት ቀኑን ሙሉ የደከመችበት ነገር የቤቱ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ልጆቹ በዚህ ያውቃሉ።

በትንሹ ጀምሮ መዝለቅ በብዙ ጀምሮ ከማቋረጥ ይሻላል። ለሚመጣው ወር በደኅና ያድርሰን።