ሽሚት ማለት ቀጥቃጭ ነው፤ ታዲያ ምን ይጠበስ?

ሰሞኑን ከወዳጆቼ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ ጀርመን አገር ብዙ ዓመት ቆይተው የተመለሱ፣ በዕድሜ የሚበልጡን ሰው ጨዋታውን ጠቅልለው ያዙት። “እነሱ እኮ ሙያ ማክበር የሚጀምሩት ከስማቸው ነው” አሉ። “ጠቅላይ ሚኒስትራቸው እንኳ ሽሚት ይባል ነበር። ሽሚት ማለት ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ተብሎ መጠራት የሚፈልግ ማን አለ? ለዚህ ነው ያልሠለጠንነው!” በዙሪያቸው የነበረው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አብሬ ነቀነቅሁ መሰለኝ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያ መነቅነቄ አናደደኝ። እንዲህ ያለውን ንግግር በየጋዜጣው አንብቤዋለሁ፤ በየስብሰባው ሰምቼዋለሁ። አንድም ቀን “እስቲ ቆይ!” ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

እስቲ ቆዩ።

ፍቺው ላይ አልከራከርም፤ ሽሚት ቀጥቃጭ ነው። የምከራከረው “ለዚህ ነው” በምትለዋ ላይ ነው። እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ድረስ አብዛኛው ጀርመናዊ የሚኖረው በአንድ ስም ነበር። ከተሞች እየሰፉ፣ ውልና ግብር በጽሑፍ እየሆነ ሲሄድ ግን ጣጣ መጣ። በአንድ ሰፈር አሥር ሃንስ፣ አሥር ሃይንሪሽ ሞላ። የትኛው ሃንስ? ቀዩ ሃንስ፣ ከወንዝ ማዶ የመጣው ሃንስ፣ የፔተር ልጅ ሃንስ፣ ቀጥቃጩ ሃንስ። ሰውየውን “ምን ተብለህ ልትጠራ ትወዳለህ?” ብሎ የጠየቀው የለም። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ነው፤ የጻፈለት ግብር መዝጋቢው ነው። ከጊዜ በኋላ ልጁም ልብስ ሰፊ ሆነ፤ የልጅ ልጁም ቄስ ሆነ፤ ስሙ ግን ቀጥቃጭ እንደሆነ ቀረ። ኩራቱ የት ላይ ነው?

የስሙ መብዛት ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው፤ እሱም ከፍቅር ጋር ግንኙነት የለውም። ሁሉም ገበሬ በሆነበት መንደር “ገበሬው ሃንስ” ብሎ መለየት ብዙም አይጠቅምም። ማረሻና የፈረስ ጫማ የሚሠራ ቀጥቃጭ ግን በየመንደሩ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ “ቀጥቃጩ” ሲባል ማን እንደሆነ ይታወቃል። አንድ ብቻ በመሆኑ መለያ ሆነ፤ በሺህ የሚቆጠሩ መንደሮች አንዳንድ ቀጥቃጭ ስለነበራቸው አገሩ በሽሚት ተሞላ። ዛሬ በጀርመን የመጀመሪያው ብዙ ስም ሙለር ነው፤ ወፍጮ ፈጪ ማለት ነው። ሽሚት ሁለተኛ ነው። ይህ ግን በፊደል ሲቆጠር ነው። አንዱ ጸሐፊ መጨረሻው ላይ ዲ እና ቲ አከታትሎ ጻፈ፤ ሌላው ሁለት ቲ ደረደረ፤ በደቡብና በስዊዘርላንድ ሽሚድ ሆነ፤ በኮሎኝ አካባቢ ሽሚትስ፣ ማለት “የቀጥቃጩ” ተባለ። እነዚህ ሁሉ ከተደመሩ ቀጥቃጩ ወፍጮ ፈጪውን ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ በመላው የጀርመን ግዛት የልደትና የጋብቻ መዝገብ በመንግሥት እጅ ሲገባ አጻጻፉ በያለበት ረግቶ ቀረ። ሰውን ከሰው ሊለይ የወጣው ስም በመጨረሻ የማይለይ ሆነና፣ በ1884 ሮትሉፍ በምትባል መንደር የተወለደው ሠዓሊ ካርል ሽሚት የመንደሩን ስም ቀጥሎ ሽሚት-ሮትሉፍ ለመባል በቃ።

ደግሞ ይህ የጀርመን ብቻ ጠባይ አይደለም። የእንግሊዙ ስሚዝ፣ የሩሲያው ኩዝኔትሶቭ፣ የሃንጋሪው ኮቫች፣ የዐረቡ ሐዳድ፣ ሁሉም ቀጥቃጭ ናቸው። ስሟን ስንሰማ ምራቃችንን የምንውጥላት ቀይዋ መኪና ፌራሪም የቀጥቃጭ ቤት ስም ነው የያዘችው። ስሙ ሥልጣኔ የሚያመጣ ከሆነ ሐዳድ የሚባለው ሁሉ ለምን ፋብሪካ አላቆመም?

ወደ ክብሩ ልምጣ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተማሩት ጀርመኖች ምን አደረጉ? ቀጥቃጭ የሚለውን ስማቸውን በላቲን ገልብጠው ፋበር፣ ፋብሪሲየስ ተባሉ። የሉተር ባልደረባ ሜላንክቶንም “ጥቁር አፈር” የሚል የጀርመንኛ ስሙን በግሪክኛ ለወጠው። የዘመኑ ፋሽን ነበር ይሉናል። ይሁን! የምሁር ፋሽን የአባትን መዶሻ መደበቅ ከሆነ እኛም ዘንድ ሞልቷል።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገራችሁ። በጀርመን ከተሞች “ክብር የሌለው ሙያ” የሚባል ነገር ነበር። ቀጥቃጩ በማኅበሩ ተከብሮ ይኖር ነበር፤ በየቦታው የተናቁት ግን የተልባ እግር ሸማኔው፣ እረኛው፣ አጣቢው፣ አዎን፣ ወፍጮ ፈጪውም ነበሩ። ፈጪው ዱቄት ይሰርቃል ተብሎ ይታማል፤ ገበሬው ደግሞ ጌታው ካዘዘው ወፍጮ ሌላ እንዳያስፈጭ ይገደድ ስለነበር (በፕሩሲያ ይህ ግዴታ የተሻረው በ1810 ነው) ጥላቻው ይብስ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ከእጅ ሙያ ማኅበር ይከለከሉ ነበር። በ1548 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ደንብ “ልጆቻቸውን አትከልክሉ” አለ፤ ማኅበራቱ አልሰሙም። በ1577 ተደገመ። በ1731 እንደገና ሌላ ሕግ አስፈለገ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በመላው ጀርመን ከሁሉ የበዛው ስም ሙለር፣ ሲናቅ የኖረ ሙያ ስም ነው! ስሙ አላከበረውም። ንቀቱን የገፋው ሁለት መቶ ዓመት ያህል የተደጋገመ ሕግ ነው፤ ያውም በግድ።

ስም ዘር ይናገራል ለሚሉም አንድ ነገር ላንሣ። ያ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ከ1974 እስከ 1982 አገሩን የመራው ሄልሙት ሽሚት፣ የቀጥቃጭ ዘር ነው እንዴ? አባቱ የአንድ አይሁዳዊ የባንክ ባለሀብት ልጅ ነበሩ፤ ሽሚት የሚለውን ስም ያገኙት ካሳደጓቸው ቤተ ሰብ ነው። በናዚዎች ዘመን ይህ የቤቱ ምስጢር ነበር፤ አገር ያወቀው በ1984 ነው። ናዚዎቹ ራሳቸው በ1938 ባወጡት ደንብ አይሁዳዊውን ወንድ እስራኤል፣ ሴቷን ሣራ የሚል ስም እንዲጨምሩ ማስገደዳቸው ለምን ይመስላችኋል? የቤተ ሰብ ስም ሰውን አልናገር ስላላቸው ነው።

እኛም ጋ የመጡ አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ካሠሯቸው ሚስዮናውያን አንዱ ሳልሙለር ይባላል፤ በስሙ ወፍጮ ፈጪ፣ በሥራው መድፍ አቅላጭ።

አሁን የራሴን ላውጣ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። ወናፍ፣ ጉጠት፣ መስፍ የቤታችን ዕቃ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬ የሚያርሰው በእሱ ማረሻ ነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። እንደ ጀርመኖቹ ማኅበራት የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። በእኛ አገር የአያት ስም በሁለት ትውልድ ይጠፋል። በእኔ ስም ውስጥ አያቴ የለም፤ መዶሻውም የለም። እኔ ሽማግሌ የላክሁበት ቤት ግን ሦስት ሳምንት አጣርቶ አገኘው። “ልጁ ጨዋ ነው፤ ዘሩ ግን…” ተብሎ ሽማግሌዎቼ ተመለሱ። “ቡዳ” የምትለዋን ቃል ከበር መልስ ነው ያሏት፤ ለእኔ ክብር ሲሉ። ጀርመኖቹ ሙያው ጠፍቶ ስሙን ወረሱ፤ እኛ ስሙ ሳይኖር ስድቡን ወረስን። እኒያ ሰው ታዲያ የጎደለን ስሙ ነው ይሉኛል!

በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቡና ቤት እንገናኛለን። ጋሼ ሽሚትን ማወደስ ሲጀምሩ አላቋርጣቸውም። ሲጨርሱ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዳለቻቸው ስለማውቅ፣ የአያቴን ሙያ ነግሬ ሽማግሌ ብልክ ይቀበሉኝ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ።