ወደ ኋላ የቀረውን ተማሪ ማን ያንሣው?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጠ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 እጅ ብቻ መሆናቸው ታወቀና አገሩ በሙሉ ደነገጠ። ወላጅ መምህሩን፣ መምህር ተማሪውን፣ ተማሪም ፈተናውን ወቀሰ። ይሁን እንጂ ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ በ12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ መውደቅ የጀመረው በዚያ ክፍል አይደለም። ውድቀቱ የተጀመረው ፊደል ሳይለይ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛም ወደ ሦስተኛ ክፍል በተሻገረ ጊዜ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። በዚያ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከመቶ 34 እጅ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲሻገሩ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ክፍል መድገም ብቻውን ማንንም አያስተምርም፤ ልጁም በየጊዜው እየተመዘነ ይደገፋል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በብዙ ቦታ ማሻገሩ ሲፈጸም ድጋፉ ቀረ።

ድጋፉ ስለ ምን ቀረ? አንደኛው ምክንያት «ሰነፍ» የምትባለው ቃል ናት። አንድ ልጅ ሰነፍ ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም፤ ፍርዱ ተሰጥቷልና። ዳሩ ግን ያ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው ሊሆን ይችላል። ጆሮውን ታሞ የመምህሩን ድምፅ በግማሽ የሚሰማ፣ ቁርስ ሳይቀምስ የሚመጣ፣ በመከር ወራት ከብት ሲጠብቅ የሰነበተ፣ ወይም በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ የተለየ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ በአንዲት ስድብ ጠቅልሎ ማለፍ ለመምህሩ ይቀለው ይሆናል፤ ለልጁ ግን የዕድሜ ልክ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሸክሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጣሉ ነው። ሃምሳ ስድሳ ልጅ የያዘ መምህር የእያንዳንዱን ችግር ብቻውን መርምሮ ይፍታ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት ይህን ለመሰለው ነገር ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ የአንድ መምህር ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ልጅ ማድረግ፣ ማለትም በቡድን መርዳት ነው።

ይህ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንየው። እንበል፣ በ3ኛ ክፍል አንዲት ልጅ አለች። ደብተሯ ንጹሕ ነው፤ ከሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አሳምራ ትገለብጣለች። አንብቢ ስትባል ግን ዝም ትላለች። የክፍሉ መምህር፣ ቀድሞ ያስተማረቻት መምህርት፣ ዲሬክተሩና እናቲቱ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ። የቀድሞዋ መምህርት፣ ልጅቱ በ1ኛ ክፍል ብዙ ቀን ትቀር እንደ ነበር ታስታውሳለች። እናቲቱም ያን ጊዜ ታማ እንደ ነበረች ትናገራለች። ፊደሉን ቢያስነብቧት ግዕዙንና ራብዑን ታውቃለች፤ ኃምሱንና ሳድሱን ግን ታቀላቅላለች። እነሆ፣ «ሰነፍ» የተባለችው ልጅ የቆመችበት ቦታ ታወቀ። ከዚህ በኋላ እንደ እርስዋ ካሉ ሦስት አራት ልጆች ጋር በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ፊደል እንድታጠና ይወሰናል። የሚያስተምራቸው ሰው በስሙ ይጻፋል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና የምትመዘንበት ቀን ይቈረጣል። ከተሻላት መልካም ነው። ካልተሻላት ዓይኗና ጆሮዋ እንዲመረመር ወደ ጤና ጣቢያ ትላካለች፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማረ መምህር በአካባቢው ካለም ይጠየቃል።

ሌሎች አገሮችም ወደዚህ የደረሱት ከችግር ተምረው ነው። በአሜሪካ በብዙ ክፍላተ አገር አንድ ልጅ የመማር ችግር አለበት ተብሎ ልዩ ድጋፍ እንዲያገኝ በአእምሮ ፈተናው ውጤትና በትምህርቱ ውጤት መካከል ሰፊ ልዩነት መታየት ነበረበት። ያ ልዩነት እስኪሰፋ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ስለዚህ አሠራሩ «እስኪወድቅ መጠበቅ» የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጉ ሲሻሻል ይህ ግዴታ ቀረና ልጁ ለተሰጠው ድጋፍ እንዴት እንደ መለሰ መመልከት ተፈቀደ። በፊንላንድም ልጁ በንባብ ሲሰናከል የክፍሉ መምህርና የልዩ ትምህርት መምህሩ ይመካከራሉ፤ እንደ አስፈላጊነቱም የትምህርት ቤቱ ነርስና የሥነ ልቦና ዐዋቂ ይጨመራሉ። ድጋፉ የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ቢኖር የቄስ ትምህርት ቤትን ያስታውስ። በዚያ ፊደል ያልለየ ልጅ ወደ ንባብ አይሻገርም፤ ጓደኛው ስለ ቀደመው ብቻ እርሱ አይገፋም። መሪጌታው ሁሉን ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ዳዊት የደገመው ትልቁ ተማሪ ፊደል ቈጣሪውን ትንሹን ያስቈጥራል። አለንጋውን ትተን ይህን ብልሃት ብንወስድ አንከስርም።

«ኮሚቴ መቼ አጣን!» የሚል ሰው እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ እውነቱንም ነው። አንድ ለአምስት የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት ጎበዙ ደካማውን እንዲረዳ የታሰበ ነበር፤ በብዙ ቦታ ግን ከመረዳዳቱ ይልቅ የሪፖርቱ ቅጽ መሙላት በለጠ። በእንዲህ ያለ ኮሚቴና በቡድን መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ኮሚቴው ስለ «ደካማ ተማሪዎች» በጅምላ ይነጋገራል፤ ቡድኑ ግን ስለ አንድ ልጅ ይነጋገራል። ኮሚቴው «ትኩረት ይሰጥ» ብሎ ይበተናል፤ ቡድኑ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ጽፎ ይነሣል።

በየወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ለተቀመጣችሁ ወጣት ባለ ሥልጣኖች የምለው አንድ ነገር አለ። ትምህርት ቤት ስትጐበኙ «ስንት ስብሰባ አደረጋችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ባለፈው ወር የያዛችሁት ልጅ ዛሬ ምን ማንበብ ቻለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁንም ጠርታችሁ አስነብቡት። ለዚህ የሚቀመጡትን መምህራን ደግሞ ከዕረፍታቸው ሳይሆን ከሥራ ሰዓታቸው ግማሽ ሰዓት ቈርጣችሁ ስጧቸው። ያለ ጊዜ የተሰጠ ኃላፊነት በወረቀት ላይ ይቀራል። መነጽር ወይም ምግብ የሚያስፈልገው ልጅ በምክር ብቻ እንደማይድንም አትርሱ፤ ቡድኑ የጐደለውን ሲነግራችሁ ማሟላት የእናንተ ፈንታ ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ የወጣን ወጣቶች በገዛ ጕልበታችን ብቻ እዚህ የደረስን ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ከእኛ ጋር 1ኛ ክፍል የገቡትን ልጆች እናስብ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ የቀሩት አእምሮ አንሷቸው ሳይሆን፣ በተሰናከሉበት ቀን ቆም ብሎ «ምን ሆነህ ነው?» የሚላቸው ሰው በማጣታቸው ነው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ትልቅ በጀት አይፈልግም፤ አራት ሰዎች፣ አንድ ደብተርና የተቈረጠ ቀን ይበቁታል። ዛሬ በ2ኛ ክፍል ዝም ብሎ የተቀመጠው ልጅ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የሚወስድበት ዓመት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደንግጦ መወቃቀስ ግን ለእርሱ ምንም አይጠቅመውም።