ባሕር የሌለው ወደብ

ከመርከብ ወርደው የባዕድ ወደብን አንድ ቀን የሚጎበኙ መንገደኞች ብዙ ናቸው። እኛ ግን ከጎረቤላ ቁልቁል ወርደን፥ ቆላው ሲቀበለን ካባችንን አውልቀን፥ አልዩ አምባን ጎበኘን። ባሕር ባይኖርበትም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደ ሸዋ ወደብ ሆኖ ያገለገለ ስፍራ ነው፤ ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ከደጋው ሰው ጋር የሚገበያየው በዚያ ነበረ። የእንግሊዙ መልክተኛ ካፒቴን ሃሪስም በ1833 ዓ.ም. ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ በኩል ነው።

የዝሆን ጥርሱንና የቡናውን ነገር ልጆች በደስታ ይሰማሉ። ነገር ግን በዚያው መንገድ ከእናቱ የተለየ ሕፃንም ለባርነት ወደ ባሕር ይነዳ ነበርና፥ ይህን ደብቆ ማስጎብኘት እኛን ደስ አያሰኘንም። ልጅም «ኋላ ወደ እናቱ ተመለሰን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙዎቹ አልተመለሱም።