ተሸምድዶ የሚለጠፍ አሃድ

በፊዚክስ ክፍሎቻችን ሥር የሰደደ ልማድ አለ። መምህሩ የኩሎምብን ሕግ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ከጎኑ የኬን ዋጋ 9 ቢሊዮን ብሎ ያስቀምጥና አሃዱን፣ ኒውተን ሜትር ካሬ በኩሎምብ ካሬ፣ ያስገለብጣል። ተማሪውም ይሸመድዳል። ስሌት ሲመጣ ቁጥሮች ብቻ ይባዛሉ፣ ይካፈላሉ፤ የተጠየቀው ፎርስ ስለሆነ መጨረሻ ላይ “ኒውተን” ይለጠፋል። ይህን ማስተማር ለማለት ይቸግረኛል።

እያንዳንዳቸው 2 ማይክሮኩሎምብ የሆኑ ሁለት ቻርጆች በ30 ሴንቲ ሜትር ተራርቀዋል እንበል። ፎርሱ 0.4 ኒውተን ነው። ርቀቱን ካሬ ማድረግ የረሳ ተማሪ 0.12 ያገኝና ኒውተን ጽፎ ያልፋል፤ ፈተናው ምርጫ ከሆነማ 0.12 ከአማራጮቹ መሀል ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አሃዶቹን ከቁጥሮቹ ጋር እያጣፋ ቢሄድ ኖሮ አንድ ሜትር ሳይጣፋ ይቀርበትና መልሱ ኒውተን ሜትር፣ ማለትም ጁል ይሆን ነበር። ጁል ደግሞ የኢነርጂ እንጂ የፎርስ አሃድ አይደለም። ልጁ ሳያውቀው ያሰላው የሁለቱን ቻርጆች ፖቴንሻል ኢነርጂ ነው!

የኬን አሃድ ማውጣት ራሱ ምን ይከብዳል? ከሕጉ ኬን ለብቻው ሲያስቀሩት የርቀቱ ካሬ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቻርጆቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በቃ። ኤፕሲሎን ዜሮ 1 ሲካፈል ለ4 ፓይ ኬ ነው፤ 4 ፓይ አሃድ ስለሌለው የኬ አሃድ ተገልብጦ ይመጣል። መጽሐፉ “ፋራድ በሜትር” ሲለው ግን የሸመደደው ተማሪ ሌላ ነገር ይመስለዋል። ፋራድ ኩሎምብ በቮልት፣ ቮልት ደግሞ ጁል በኩሎምብ መሆኑን ለተከተለ ሁለቱ አንድ ናቸው።

“ፈተና ደርሷል፣ ጊዜ የለም” የሚሉኝ አሉ። ለሁለት መስመር?

የባሰው ጉዳት ሌላ ነው፤ ሽምደዳው አሃዱን ተፈጥሮ የሰጠችን ያስመስለዋል። ኩሎምብ በ1785 እ.ኤ.አ. ሙከራውን ሲያቀርብ በስሙ የተጠራ አሃድ አልነበረም። በሴንቲ ሜትር፣ ግራምና ሴኮንድ ላይ በቆመው በድሮው የኤሌክትሮስታቲክስ ሥርዓት ኬ 1 ነው፣ አሃድም የለውም፤ ቻርጅ የሚለካው ከፎርስና ከርቀት ተነሥቶ ነው። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ የኤፕሲሎን ዜሮ ዋጋ በስምምነት የተቆረጠ ነበር። በዚያ ዓመት የኤሌክትሮን ቻርጅ መጠን ሲቆረጥ ኤፕሲሎን ዜሮ በልኬት የሚገኝ ሆነ። የመጨረሻ ዲጂቶቹ ወደፊት ሊታረሙ ይችላሉ፤ አሃዱ ግን ዛሬም ከዚያው ከኩሎምብ ሕግ ይወጣል።