ተመራቂው ከበር ከወጣ በኋላ

የምረቃ ቀን በመጣ ቁጥር ከመድረክ የማይቀር አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም «ያስተማራችሁን ኮሌጅ አትርሱ» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው። ኮሌጁስ ልጆቹን አልረሳም ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ስላልሰማን፣ በዚህ እትም እኛ ልንጠይቅ ወደድን።

በአሜሪካ በቨርጂንያ ግዛት ስዊት ብራየር የሚባል የሴቶች ኮሌጅ አለ። ተማሪዎቹ ሰባት መቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በየካቲት 2007 ዓ.ም. የኮሌጁ ቦርድ ገንዘብ ስላጠረ በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከዚያ የተመረቁት ሴቶች ውሳኔውን አልተቀበሉም። ማኅበር አቋቋሙ፤ ገንዘብ አዋጡ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ቀረበ። በሰኔ ወር በተደረገው ስምምነት እነርሱ 12 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጡ ቃል ገቡ፤ ከቦርዱ አባሎች አብዛኞቹ ወንበራቸውን ለቀቁ፤ ትምህርቱም ሳይቋረጥ ቀጠለ።

በገንዘቡ ብዛት አንባቢያችን አይደንግጥ (እኛም መጀመሪያ ደንግጠን ነበር)። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን እነዚያ ሴቶች አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተፈላልገው መገናኘታቸው ነው። እንዲህ ያለው ነገር በዚያ አገር ሥር የሰደደ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1821 የዊልያምስ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ከተማሪዎቹ ከፊሉን ይዞ ሄዶ የአምኸርስትን ኮሌጅ በጀመረ ጊዜ፣ ዊልያምስ ይዘጋል ተብሎ ተፈራ። ያን ጊዜ የቀድሞ ተማሪዎቹ ተሰብስበው ያቋቋሙት ማኅበር እስከ ዛሬ አለ።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሰፈር እድር በየወሩ የሚሰበስበው ጥቂት ብር ነው፤ ነገር ግን ስም የተጻፈበት መዝገብ አለው፤ የቀረውንም ሰው ለምን ቀረህ ብሎ ይጠይቃል። ኮሌጃችን ግን ይህን ያህል እንኳ የለውም። ባለፈው ግንቦት አንድ አረጋዊ ተመራቂ የትምህርት ማስረጃ ሊያወጡ መጥተው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲመላለሱ ግማሽ ቀን ዋሉ። በኋላም ከእኛ ጋር ሻይ ሲጠጡ፣ «አንድ ካርቶን ሙሉ መጻሕፍት አለኝ፤ ለማን ልስጥ?» አሉን። መልሱን አናውቅም ነበር። ማንን እንደምንጠይቅም አላወቅንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በ1996 ዓ.ም. ደንብ የመጣውን የወጪ መጋራት ዕዳ ከከፈልን ወዲያ ሌላ ምን ይፈለግብናል ይላሉ። ያ ዕዳ ለመንግሥት የሚከፈል ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ሥራ ፈልጎ ያጣን ተመራቂ ገንዘብ አምጣ ማለት ነውር መሆኑንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ሰው ቢፈቅድ ከእርሱ በታች ላለው ተማሪ አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ሙያው ያጫውተው፤ ይህም ስጦታ ነው። ገንዘብ ያለው ደግሞ ይስጥ፤ ከሰጠም በኋላ ገንዘቤ የት ደረሰ ብሎ የመጠየቅ መብት ይኑረው። አስተዳደሩ ይህን ጥያቄ ከፈራ ስጦታውንም ባይለምን ይሻለዋል።

የተማሪዎች ኅብረት ከዚህ ወር ጀምሮ አንድ መዝገብ እንዲከፍት እንጠይቃለን። ስም፣ የምረቃ ዓመት፣ የትምህርት ክፍልና አድራሻ ይበቃል። መዝገቡን ተማሪ ብቻ ቢይዘው፣ ያዡ ተመርቆ ሲሄድ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከመምህራን አንድ ሰው እንዲመደብልን እንለምናለን። የባለ መጻሕፍቱ ሰው ስልክ ቁጥር በእጃችን ነው፤ የመጀመሪያው መስመር የእርሳቸው ይሆናል።